የማይታየው አንደበትና ዳኞቹ

የእንግሊዝ ራዲዮ ዕለት ዕለት መናገር በጀመረባት ምሽት፣ ይኸውም ኖቬምበር 14 ቀን 1922 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አርተር በሮውዝ የተባለው የፕሮግራም ሹም በለንደን ማርኮኒ ቤት ከማይክሮፎን ፊት ቀርቦ የዕለቱን ዜና አነበበ፤ በዜናውም ውስጥ በከተማይቱ ላይ ስለ ወረደው ጭጋግና ስለ ቢሊያርድ ጨዋታ ውጤት የሚናገር ነበረበት። አንብቦም በጨረሰ ጊዜ ያንኑ ዜና እንደ ገና ከራስጌው አንሥቶ ደገመው፤ አንዱን ንባብ ፈጠን አድርጎ፣ ሌላውን ግን ዝግ ብሎና ቃልን ከቃል ለይቶ ነበር። ከዚያም ከሁለቱ የትኛው እንደ ተስማማቸው ያስታውቁት ዘንድ አድማጮቹን ለመነ። ራዲዮ ገና አፉን በፈታበት ሌሊት ተናጋሪው ለሰሚው ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ «እንዴት ተናገርሁ?» የሚል ነበር።

ጥያቄው ከትሕትና ብቻ የመነጨ አልነበረም። በአደባባይ የሚናገር ሰው ዳኞቹን በፊቱ ያያቸዋል፤ ሰባኪው ምእመናኑ ሲያንጎላጁ አይቶ ስብከቱን ያሳጥራል፣ አዝማሪውም ከታዳሚው ፊት አንብቦ ግጥሙን ያጠብቃል ወይም ያላላል። በእኛም አገር በንባብ ቤት ተማሪው ዳዊቱን ዘርግቶ ሲያነብ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል፤ ተነሹን ቢጥለው፣ ወዳቂውንም ቢያነሣው እዚያው ላይ አቁመው ይመልሱታል። በራዲዮ የሚናገር ሰው ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ለማያየውና ለማይመልስለት ሰው፣ ስንት መሆኑንም ለማያውቀው ሕዝብ ስለሚናገር፣ ንግግሩ ሠመረ ወይም ከሸፈ የሚል ፍርድ ከሌላ ቦታ ሊመጣለት ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባለው መቶ ዓመት በዚህ በማይታይ አንደበት ላይ ሦስት ዓይነት ዳኞች ተሰይመዋል፤ ፊተኞቹ ሊቃውንት፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ጸሐፊው ሕዝብ፣ ሦስተኛው ቁጥር ነው። ታሪካቸውን ለሚከታተል ሰው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው፣ ዳኛው በተለወጠ ቁጥር ተናጋሪው ቀስ በቀስ የዳኛውን መልክ እየያዘ መሄዱ ነው።

ሊቃውንቱን በወንበር ያስቀመጠው ጆን ሪዝ ነው። በ1922 መጨረሻ የእንግሊዝን ራዲዮ ድርጅት በሥራ አስኪያጅነት የተረከበው ይህ ሰው የስኮትላንድ ቄስ ልጅ፣ በሙያው መሐንዲስ ሲሆን፣ ራዲዮ ሕዝቡ ከለመነው ይልቅ የሚጠቅመውን ሊሰጠው ይገባል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። የድርጅቱም መተዳደሪያ ባለ ራዲዮ ሁሉ በየዓመቱ የሚከፍለው የ10 ሽልንግ የፈቃድ ገንዘብ በመሆኑ፣ ስንት ሰው እንደ ሰማ ቆጥሮ ለገንዘብ ሰጪ ማስረዳት አላስፈለገውም። ስለዚህ የተናጋሪው መመዘኛ ክብርና ርቱዕነት ሆነ። ዜና አንባቢው ስሙን ለአድማጭ እንዳይገልጽ ተከለከለ፤ ስሜቱንም በድምፁ ቃና እንዳያሳውቅ ተመከረ፤ ምሽት በሆነ ጊዜ ደግሞ ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ የእራት ግብዣ ልብስ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ሥርዓት የተመሰገነ አንባቢ ማለት የራሱ መልክ የጠፋ፣ ድምፁም የድርጅቱ ድምፅ ሆኖ የሚሰማ ሰው ነው። የአንባቢዎቹ አለቃ ስቱዋርት ሂበርድ በጃንዋሪ 1936፣ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ ሕይወታቸው በሰላም ወደ ፍጻሜዋ መቃረቧን የምታስታውቀውን አንዲት ዐረፍተ ነገር በየሩብ ሰዓቱ እየደጋገመ ባሰማ ጊዜ፣ የዚያ ሥርዓት ፍጹም ምሳሌ ሆኖ ታየ።

ነገር ግን ርቱዕ ንባብ የትኛው ነው? የእንግሊዝ አገር ሰው ከአውራጃ ወደ አውራጃ፣ ከመደብም ወደ መደብ ሲሄድ አነጋገሩ እየተለየ ስለሚሄድ፣ አንባቢው አንዱን ሲከተል በሌላው ዘንድ መነቀፉ የማይቀር ነበር። ስለዚህ በ1926 ስለ ንግግር እንግሊዝኛ የሚመክር ጉባኤ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ሮበርት ብሪጅስ፣ ጸሐፊው የልሳን ድምፆች ሊቅ አርተር ሎይድ ጄምስ ሲሆኑ፣ ከአባላቱም መካከል ተውኔት ደራሲው በርናርድ ሾው፣ ስመ ጥሩው ተዋናይ ፎርብስ ሮበርትሰን፣ የልሳን ድምፆች ሊቁ ዳንኤል ጆንስና ደራሲው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ይገኙ ነበር። ብሪጅስም በ1930 በሞተ ጊዜ ወንበሩን ሾው ወረሰ። ነገሩን በፈገግታ ለሚመለከት ሰው፣ እንግሊዛውያን ቋንቋቸውን እንዴት እንደሚናገሩ በሚበይነው ጉባኤ ሰብሳቢው አየርላንዳዊ፣ ጸሐፊው የዌልስ ተወላጅ፣ ከአባላቱም አንዱ በአሜሪካ የተወለደ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ጉባኤው አጠራጣሪ የሆነውን ቃል ሁሉ እያነሣ «እንዲህ ይነበብ» ብሎ ይፈርድ፣ ፍርዱንም ከ1928 ጀምሮ በመጽሐፍ እያሳተመ ያወጣ ነበር፤ ሕዝቡ ቢያጉረመርም ወይም አባላቱ መልሰው ቢከራከሩ ትናንት የበየነውን ዛሬ የሚሽርበት ጊዜም አልጠፋም። ጦርነት በተጀመረበት በ1939 ሥራውን አቆመ።

የሊቃውንቱ ዳኝነት ያፈራው መልካም ፍሬ ሊካድ አይገባም፤ አንባቢው ስለ ጽሑፉ እንዲጠነቀቅ፣ የባዕድ አገር ስም እንኳ ቢሆን ሳይጠይቅ እንዳያነብ አስተምሮታል። ጉድለቱ ግን ሊቃውንቱ የሰሙት በራሳቸው ጆሮ መሆኑ ነው። በተማሩበት ትምህርት ቤትና በኖሩበት ሰፈር የተለመደውን አነጋገር የአገር ሁሉ ልሳን አድርገው ስለ ቈጠሩት፣ ከዚያ ወጣ ያለ ድምፅ ምንም ያህል ቢሠለጥን ከማይክሮፎን ፊት ሊደርስ አልቻለም። ይህን አጥር ያናወጠው ጦርነቱ ነው። በ1940 ጠላት አገሪቱን ይወርራል ተብሎ በተፈራ ጊዜ፣ ሕዝቡ የእውነተኛውን አንባቢ ድምፅ ለይቶ እንዲያውቅና በአስመሳይ እንዳይታለል፣ እስከዚያ ድረስ ስም የለሽ የነበሩት አንባቢዎች ስማቸውን እየገለጹ እንዲያነቡ ታዘዙ። በ1941 ደግሞ የዮርክሻየር ተወላጁ ተዋናይ ዊልፍሬድ ፒክልስ ብሔራዊውን ዜና በአገሩ አነጋገር እንዲያነብ ተደረገ። ደስ ያላቸው ነበሩ፤ ሌሎች ግን፣ የእርሱን ሰፈር የሚመስል አነጋገር ካላቸው ሰዎች መካከል እንኳ፣ እንዲህ ባለ ድምፅ የተነበበ ዜና ለማመን ይከብዳል አሉ። ሊቃውንቱ ለዓመታት የፈረዱት ፍርድ በአድማጩ ልብ ውስጥ ገብቶ ራሱን የቻለ ዳኛ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ዳኛ፣ ደብዳቤ ጸሐፊው ሕዝብ፣ ሥልጣኑ የጎላው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ባለ ራዲዮው የፈቃድ ገንዘብ ስለማይከፍል፣ ጣቢያዎቹ የሚሰሙ መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ከራሱ ከአድማጩ መፈለግ ነበረባቸው። በ1920ዎቹ «የጭብጨባ ካርድ» የሚባል፣ ባዶው ቦታ ተሞልቶ በፖስታ ወደ ጣቢያው የሚላክ ወረቀት ታትሞ ይሰጥ ነበር፤ በትያትር ቤት የሚያጨበጭበው እጅ በቤቱ ተቀምጦ በብዕር እንዲያጨበጭብ ታስቦ ነው። ቀድሞ ዘፋኝ የነበረው ግራሃም ማክናሚ በ1925 የቤዝቦል ዋንጫ ግጥሚያ ከሜዳ ባስተላለፈ ጊዜ 50,000 ያህል ደብዳቤ ደረሰው። ይህ ሰው የጨዋታውን ሕግ ጠንቅቆ ባለማወቁ በጋዜጠኞች የተተቸ ቢሆንም፣ ሜዳው ውስጥ የተቀመጠ ያህል እንዲሰማው ያደረገው አድማጭ ስሕተቱን አልቈጠረበትም።

ደብዳቤ ግን የሚወድና የሚጠላ ሰው መሣሪያ ነው፤ ሰምቶ ዝም ያለው ብዙኃን በፖስታ ሣጥን ውስጥ አይገኝም። የዚህ ዳኛ ፍርደ ገምድልነት የታየው በእንግሊዝ አገር በ1933፣ ሺላ ቦሬት የተባለች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ብሔራዊውን ፕሮግራም እንድታስተዋውቅ በተመረጠች ጊዜ ነው። የቅሬታው ደብዳቤ እየተከመረ ሄደ፤ ከጻፉትም መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የሚነቀፍ ጉድለት ተገኝቶባት ይሁን ወይስ ከዚያ በፊት የሴት ድምፅ ዜና ሲናገር ስላልተሰማ ብቻ፣ ደብዳቤዎቹ ለይተው አላስረዱም፤ ሆኖም ጥቂት ወራት ሳትቆይ ከቦታው ተነሣች። በምስጋና ደብዳቤ የሚሾም ተናጋሪ በነቀፋ ደብዳቤ እንደሚሻር ከዚያ ታወቀ።

ሦስተኛው ዳኛ፣ ቁጥር፣ የመጣው ከአሜሪካ ነጋዴ ቤት ነው። ሳሙናውን ወይም ሲጋራውን በራዲዮ የሚያስተዋውቀው ኩባንያ፣ ገንዘቡ ስንት ጆሮ እንደ ገዛለት ማወቅ ስለ ፈለገ፣ በ1930 አርኪባልድ ክሮስሊ በስልክ የሚጠይቁ ሰዎች አሰማርቶ «ትናንት ምን ሰማችሁ?» እያለ መቍጠር ጀመረ። ትናንትን ማስታወስ ግን ዝነኛውን ይረዳል፣ ትንሹን ይጎዳል፤ ሰው የሰማውን ቢረሳም የሚያውቀውን ስም አይረሳምና። ስለዚህ በ1934 ሥራውን የጀመረው የክሎድ ሁፐር ድርጅት ጥያቄውን ወደ ዛሬ አምጥቶ «አሁን በዚህ ሰዓት ምን እየሰማችሁ ነው?» ማለትን መረጠ፤ በዚህም ዘዴ ተወዳጅነቱን አተረፈ፣ ዳሩ ግን ስልክ የሌለው ድኻና ገበሬ ከቍጥሩ ውጭ ቀረ። አርተር ኒልሰን ደግሞ ሰውን መጠየቅ ትቶ፣ ራዲዮው በየሰዓቱ በየትኛው ጣቢያ ላይ እንደ ዋለ በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ በየቤቱ አስቀመጠና በ1942 ዘገባውን ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው አይረሳም፣ አይዋሽም፤ ነገር ግን ራዲዮው ተከፍቶ ሳለ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር።

ለተናጋሪው አንደበት ከሁሉ የበለጠ የተሰማው ግን በ1960ዎቹ የተስፋፋው የማስታወሻ ደብተር ነው። በኋላ አርቢትሮን የሚል ስም ያገኘው ድርጅት ለተመረጡ ሰዎች ትንሽ ደብተር እየላከ፣ ለአንድ ሳምንት የሰሙትን ጣቢያና ሰዓት በእጃቸው እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። መለኪያው ሩብ ሰዓት ሲሆን፣ በሩብ ሰዓቱ ውስጥ ቢያንስ 5 ደቂቃ የሰማ ሰው ለጣቢያው ተቈጥሮለታል። ከዚህ ከቀላል ደንብ ሁለት ልማዶች ተወለዱ። ሰው የሚጽፈው የሚያስታውሰውን ስም ስለ ሆነ፣ ተናጋሪው በዘፈን መግቢያና መውጫ ሁሉ የጣቢያውን ስም እንዲደጋግም ታዘዘ፤ ስሙን አሳንሶ የጠራ ወይም የረሳ ተናጋሪ ቀልዱ ምንም ያህል ቢያስቅ ጥፋተኛ ነበር። ደግሞም ሰሚው ከአንዱ ሩብ ሰዓት ወደ ሌላው እንዲሻገር፣ ተናጋሪው ቁም ነገሩን አንጠልጥሎ «ከዘፈኑ በኋላ እነግራችኋለሁ» ማለትን ተማረ። ዛሬ በየአገሩ የራዲዮ ጠባይ መስሎ የሚታየው ይህ አነጋገር፣ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው በአንድ የወረቀት ደብተር ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

በ2007 በሂውስተንና በፊላደልፊያ ደብተሩ በኪስ በሚያዝ መሣሪያ ተተካ። ጣቢያው በድምፁ ውስጥ ጆሮ የማይለየውን ምልክት ይጨምራል፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የያዘው መሣሪያ ምልክቱን እየለቀመ ይመዘግባል። አሁን ዳኛው የሚጠይቀው የሰውን ትዝታ መሆኑ ቀረና፣ ሰውየው በገባበት ሱቅና በተሳፈረበት መኪና ጭምር በየደቂቃው የደረሰበትን ድምፅ መቍጠር ሆነ። ብዙ ጣቢያዎች ከዚህ ዘገባ ያነበቡት ትርጓሜ ሰው የሚሸሸው ተናጋሪው መናገር በጀመረ ጊዜ ነው የሚል ስለ ነበር፣ በዘፈኖች መካከል ይነገር የነበረው ጨዋታ እንዲያጥር አዘዙ፤ ለመናገር የተቀጠረ ሰው ዝም ማለቱ እንደ ብቃት የሚቈጠርበት ዘመን መጣ።

ዳኛው ራሱ በዳኛ ፊት የቆመበት ጊዜም አለ። በ1963 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ቍጥር አውጪዎቹን ጠርቶ አሠራራቸውን በመረመረ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ከሥራ የሚያባርረውና የሚያሾመው ቍጥር በምን ያህል ቸልታ እንደሚሰበሰብ ተገለጠ፤ በማግስቱም ዓመት ቍጥሩን የሚቆጣጠር ሸንጎ ተቋቋመ። በ2008 ደግሞ አዲሱ የኪስ መሣሪያ የጥቁሮችንና የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ድርሻ አሳንሶ ይቈጥራል የሚል ክስ በኒውዮርክ ቀረበና አርቢትሮን የናሙና አመራረጡን ለማሻሻል ተስማማ። ቍጥር ከሊቃውንቱ ጆሮ ይልቅ ከአድልዎ የራቀ መስሎ ቢታይም፣ ማን ይቈጠር ብሎ የሚመርጠው ያው ሰው መሆኑ በሁለቱም ጊዜያት ታይቷል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን ጆሮ ከጣቢያው ፈጽሞ አልተባረረም። የፕሮግራም ኃላፊው ተናጋሪውን ጠርቶ ያለፈውን ሥርጭት በቅጂ አብረው እየሰሙ የሚነጋገሩበት ልማድ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ከማናቸውም ዘገባ ይልቅ የሚፈራና የሚከበር ሆኖ ቆይቷል። ለዚሁ ሲባል ማይክሮፎኑ ሲከፈት ብቻ የሚቀዳ፣ ሲዘጋም የሚያቆም መቅረጫ ተሠራ፤ የአራት ሰዓቱ ሥርጭት ዘፈኑና ማስታወቂያው ተገፍፎ፣ ተናጋሪው ብቻ በጥቂት ደቂቃ ተጠቃሎ ይቀርባል። ከ1965 ጀምሮ በሎስ አንጀለሱ ኬ ኤች ጄ ጣቢያ ስሙ የታወቀው ቢል ድሬክ ደግሞ ቅጂ እስኪደርሰው አይታገሥም ነበር፤ ባለበት ሆኖ በስልክ መስመር ሥርጭቱን ያዳምጥና የማይረባ ቃል በሰማ ጊዜ ወደ ስቱዲዮው ይደውላል። ከቅጂው ፊት የሚነሡት ጥያቄዎች በቍጥር የማይመለሱ ናቸው፤ ለአንድ ሰው ትናገራለህ ወይስ ለጭፍራ? ይህን ወሬ ለምን ጀመርኸው? ማብቃት የነበረበት ስፍራ የት ነበር? እንግዳህ መልስ ሲሰጥህ ሰማኸው ወይስ የሚቀጥለውን ጥያቄህን ታነብ ነበር?

ቍጥርና ጆሮ እንዲታረቁ ቀድሞ የደከመው ምናልባት የእንግሊዙ ሮበርት ሲልቪ ነው። ሪዝ አድማጭን መቍጠር ራዲዮን ለብዙኃን ፈቃድ ባሪያ ያደርገዋል ብሎ ሲፈራ ቢኖርም፣ በ1936 ሲልቪ ተቀጥሮ የአድማጮችን ነገር ማጥናት ጀመረ፤ በ1939 መጨረሻም በየዕለቱ ሰዎችን እያነጋገሩ የሚጠይቁ መርማሪዎች ተሰማሩ። ሲልቪ ግን ስንት ሰው እንደ ሰማ ማወቅ አልበቃውም፤ የሰሙት ሰዎች ምን ያህል እንደ ረኩ በነጥብ እንዲገልጹ አደረገ። በዚህ መለኪያ ጥቂት ሰው የሚሰማው፣ የሰማውም ሁሉ እጅግ የሚወደው ፕሮግራም፣ ብዙ ሰው ሌላ ሥራ እየሠራ ከሚሰማው ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ሊታይ ቻለ።

በአገራችን ዳኞቹ የመጡት በሌላ መልክ ነው። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማያሳይ፣ ዜና አንባቢው የጽሑፉን ምሥጢር ቀድሞ ካልተረዳ በአንዲት ማጥበቅ ነገሩን ያፋልሰዋል፤ በዚህም ምክንያት የአንባቢው የመጀመሪያ ፈተና እንደ ንባብ ቤቱ የጆሮ ፈተና ሆነ። ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ ወደ ብዙ አገሮች ይናገር የነበረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ዓይነት በአጭር ሞገድ የሚሠራ ጣቢያ ደግሞ፣ መሰማቱን የሚያውቀው ከሩቅ በሚመጣ ደብዳቤ ነው። በደርግ ዘመን ከአንደበቱ ይልቅ ጽሑፉ ስለሚመረመር፣ ሳንሱሩ ከሁሉ በላይ የሆነ ዳኛ ነበር። ይሁን እንጂ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ራዲዮ በተረከ ጊዜ፣ ከእነዚህ ዳኞች አንዱም ያልወሰነው ፍርድ ተፈረደ፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ዛሬም የገጸ ባሕርያቱን ቃል በእርሱ ድምፅ እየሰማ ያነበዋል። ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከተስፋፉ ወዲህ የአየር ሰዓት ተከራይቶ የሚሠራው ተባባሪ አዘጋጅ ስፖንሰር ካላገኘ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በተናጋሪው ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው፣ ፕሮግራሙን አዳምጦ የማያውቅ ሊሆን የሚችለው የማስታወቂያ ከፋይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ እያንዳንዱ ዳኛ ለአንድ ጥያቄ ብቻ የሚመልስ መሆኑ ነው። ሊቁ ንባቡ ርቱዕ መሆኑን፣ ደብዳቤው ማን እንደ ተነካ፣ ቍጥሩ ስንት ሰው እንደ ቆየ፣ ከፋዩም ዕቃው መሸጡን ይናገራሉ፤ አንዱም ለሌላው ጥያቄ ቢመልስ ከሥልጣኑ ወጥቷል። ስሕተቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ጣቢያው ተናጋሪውን ለምን እንዳስቀመጠው አስቀድሞ ሳይወስን መለኪያውን ሲገዛ ነው፤ ዓላማ በሌለበት ስፍራ መለኪያው ራሱ ዓላማ ይሆናልና፣ የደብተሩ ሩብ ሰዓትና የኪሱ መሣሪያ ደቂቃ የሰውን አነጋገር እንዴት እንደ ቈራረጡት አይተናል። የእኛ ጣቢያዎች በብዙው ገና ቈጣሪ መሣሪያ ያልገባባቸው በመሆናቸው፣ ሌሎች ከመሣሪያው በኋላ የፈለጉትን ነገር ከመሣሪያው በፊት ለማድረግ ዕድል አላቸው፤ የተናጋሪውን ተግባር በጽሑፍ ወስኖ ማስታወቅ፣ በየሳምንቱም ቅጂውን ከፊቱ አስቀምጦ ከእርሱ ጋር መስማት ከአንድ ክፍልና ከአንድ አስተዋይ ጆሮ በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቍጥሩ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ዳኛ ሳይሆን ምስክር ሆኖ የሚቀርበው እንዲህ ባለ ጣቢያ ብቻ ነው።